ሰፈፉን አትጣሉት

ጠጅ በሚጣልበት ቤት ያደገ ሁሉ ያውቀዋል። ማሩ ከነእንጀራው በውኃ ይበጠበጥና ጋን ውስጥ ይደረጋል፤ ጥቂት ቀን ሲያድር ሰሙ ወደ ላይ ይንሳፈፋል። ጠጅ ጣይዋ እፍኝ እፍኙን እየጨመቀች ታወጣዋለች። ቢጫ ነው፣ ይፈረካከሳል፣ የንብ ክንፍና የቅጠል ስባሪ አይጠፋበትም፣ ቢያኝኩት ደግሞ የማር ጣዕም ቀርቶበታል። ሰፈፍ ማለት ይሄ ነው። ሰብሳቢ ነጋዴ ባለበት ከተማ ይሸጣል፤ ገጠር ግን ብዙውን ጊዜ ጓሮ ይደፋል።

ካፋ ላይ ሰፈፍ ብርቅ አይደለም። ከጅማ ተነስቶ ጎጀብን ተሻግሮ ወደ ቦንጋ የሚጓዝ ሰው ቀና ብሎ ቢያይ፣ በረጃጅም ዛፎች ቅርንጫፍ ላይ የተጋደሙ ባህላዊ ቀፎዎች ያያል። የገተም ዛፍ ሲያብብ ነጩ ማር ይመጣል፤ ብሳናው ሲያብብ ሌላው ይከተላል። ማር ቆራጩ ሲመሽ ጠብቆ፣ የሚጨስ ችቦ ይዞ፣ በገመድ እየተሳበ እዚያ ከፍታ ላይ ይወጣል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2010 በባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት የመዘገበው ይህ ደን ስሙ የሚነሳው በቡናው ነው። ማሩም እየታወቀ መጥቷል። ሰሙን ግን ገና በደንብ አላየነውም።

የዛሬው ጽሑፌ ስለ ነሐስ ሐውልት ነው። በሰፈፍ የጀመርኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ነሐስ የሚያፈሱ ቀራፂያን፣ ሶፊያም ይኑሩ ፍሎረንስ፣ ከጥንት ጀምሮ ሥራቸውን ያቆሙት በሰም ላይ ነው። እኛ ጓሮ የምንደፋውን እነሱ በኪሎ ይገዙታል።

የቡልጋሪያ ዋና ከተማ በሆነችው በሶፊያ መሀል ጆርጂ ቻፕካኖቭ የሚባል ቀራፂ የሠራት የቅድስት ሶፊያ ሐውልት አለች። የቆመችው እ.ኤ.አ. በ2000 ነው። ሐውልቷ ብቻ 8 ሜትር ትሆናለች፤ ከመዳብና ከነሐስ የተሠራች ናት፤ ራሷ ላይ አክሊል፣ ክንዷ ላይ ጉጉት አለ። ቦታው ቀድሞ የሌኒን ሐውልት የቆመበት ነበር። አዲስ አበባም ሌኒን ነበራት፣ በግንቦት 1983 ዓ.ም. ወረደ፤ ታሪካችን እዚህ ላይ ይገናኛል። እኔን የሚያስቀናኝ ግን ሌላ ነገር ነው። በዚያችው ከተማ ሙዚየም ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2004 ከአንድ የመቃብር ጉብታ ሥር ተቆፍሮ የወጣ የነሐስ ራስ አለ። የጥንቶቹ ትራሺያውያን ንጉሥ የሴውቴስ ሦስተኛ ራስ ነው ይሉታል፤ ዕድሜው 2300 ዓመት ገደማ ነው። በሰም ተቀርጾ በነሐስ የፈሰሰ ሲሆን፣ የዓይኑ ሽፋሽፍት ሳይቀር ከስስ መዳብ ተቆርጦ አንድ በአንድ ተተክሎለታል። የቡልጋሪያ የቅርፃ ቅርፅ ተማሪ ተስፋ ሲቆርጥ ሄዶ ፊቱ የሚቆምለት ነገር አለው። ‘አያቶቼ ይህን ሠርተዋል’ ብሎ ወደ ሥራው ይመለሳል።

እኛስ? እኛም አለን፤ የእግሩ ቦታ ብቻ ቢቀርም።

አክሱም ላይ ሁለት የእግር ቅርጽ የተፈለፈለበት የድንጋይ መሠረት ተገኝቷል። የጀርመን አጥኚዎች እ.ኤ.አ. በ1906 ሲለኩት የእግሩ ርዝመት 92 ሳንቲ ሜትር ሆነ። ቀሪው ሰውነት በዚያው ልክ ከነበረ ከ5 ሜትር በላይ የሚረዝም የብረታ ብረት ሐውልት እዚያ ቆሞ ነበር ማለት ነው። ንጉሥ ኢዛናም ክርስትናን ከመቀበሉ በፊት ባስቀረጸው የድንጋይ ጽሑፍ፣ ቤጃዎችን ድል ካደረገ በኋላ አንድ የወርቅ፣ አንድ የብር፣ ሦስት ደግሞ የነሐስ ሐውልቶች ማቆሙን ይናገራል። ይህ በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። ሐውልቶቹ ዛሬ የሉም። ዕውቀቱ ግን ከእነሱ ጋር አልጠፋም፤ በዛጉዌ ዘመንና ከዚያም በኋላ በየገዳሙ የምናያቸው የመዳብና የነሐስ መስቀሎች በዚሁ በሰም ጥበብ ፈሰዋል። ቅኔያችን እንኳ ሰምና ወርቁን የተዋሰው ከአንጥረኛ ቤት ነው። እና አንድ የቦንጋ ልጅ ነሐስ ላፍስስ ቢል ከፈረንጅ አገር የመጣ ነገር እየሞከረ አይደለም። የቆየ የቤት ሥራ እየቀጠለ ነው።

አሁን ሥራውን ቀረብ ብለን እንየው፤ ልናገር የፈለግሁት ነገር ያለው እዚህ ውስጥ ነውና።

ቀራፂው መጀመሪያ በጭቃ ይሠራል። ጭቃው ሲያምርለት ከላዩ ላይ ሻጋታ ያወጣል። ሻጋታውን ውስጥ ውስጡን በቀለጠ ሰም ይቀባዋል፤ ውፍረቱ 5 ሚሊ ሜትር ያህል እስኪሆን ደጋግሞ ይቀባዋል። ሻጋታው ሲፈታ ውስጡ ባዶ የሆነ የሰም ሰው ይወጣል። እዚህ ላይ ቀራፂው ይቀመጣል። በሞቀ ቢላ ከንፈሩን ያስተካክላል፣ የጠፋች ጣት ይጨምራል፣ የፀጉሩን መስመር እንደገና ይጭራል። ነሐሱ የሚገባበትንና አየሩ የሚወጣበትን ቦይ ከሰም ዘንግ ይሠራና በየቦታው ይለጥፋል፤ ሐውልቱ ሥሩ የተነቀለ ዛፍ ይመስላል። ከዚያ ውስጡንም ውጭውንም በጀሶና በተፈጨ ሸክላ፣ ወይም እሳት በሚችል ሌላ ሽፋን ይሸፍነዋል፤ ሲደርቅ እቶን ውስጥ ይከተዋል። ሰም 64 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስ ይቀልጣል። በቦዩ እየወረደ ሄዶ ያልቃል። የቀረው ባዶ ቦታ ነው፤ እያንዳንዷ ሽንትር፣ እያንዳንዷ ጭረት ግን በዚያ ባዶ ቦታ ግድግዳ ላይ ታትማ ቀርታለች።

ነሐሱ የሚመጣው አሁን ነው። ከ10 እጅ 9 እጁ መዳብ፣ 1 እጁ ቆርቆሮ የሆነው ድብልቅ 1100 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ እንደ ውኃ ይፈሳል። ባለሙያዎች የሚፈልጉትን ነሐስ የሚገምቱት ሰሙን መዝነው ነው፤ ለ1 ኪሎ ሰም ከ9 እስከ 10 ኪሎ ነሐስ ያዘጋጃሉ። ሁለት ወይም ሦስት ሰው ነሐሱ የቀለጠበትን ጽዋ በረጅም መቆንጠጫ ይዞ ያዘነብለዋል። ሁሉም ነገር በደቂቃዎች ውስጥ ያልቃል።

እዚች ላይ ቆም በሉልኝ። ነሐሱ የሚፈሰው በደቂቃ ነው። በጭቃና በሰም የሚያልፈው ጊዜ ደግሞ ሳምንታት ነው፣ ለትልቅ ሐውልት ወራት ነው፣ አንዳንዴም ዓመት ይሞላል። ሰው አደባባይ ወጥቶ የሚያደንቀው ጠንካራ ነገር፣ ዕድሜውን ሁሉ ያሳለፈው ለስላሳ ሆኖ ነው። ውበቱም ጉድለቱም የገባው ያኔ ነው። ነሐሱ ምንም አይጨምርም፤ የተሰጠውን ይይዛል እንጂ።

አብዛኞቻችን ግን ነሐሱን እንጠብቃለን። ‘ገንዘብ ሳገኝ እጀምራለሁ’ እንላለን። ‘አዲስ አበባ ብሄድ፣ ማሽን ቢኖረኝ፣ አንድ የሚያውቀኝ ሰው ቢኖር’ እንላለን። እነዚህ ሁሉ ነሐስ ናቸው፤ ቢመጡም የሚገቡበት ቅርጽ ካልተዘጋጀ መሬት ላይ ፈሰው ይቀራሉ። ገንዘብ አግኝተው ምን እንደሚሠሩበት ጠፍቷቸው የበተኑትን ሰዎች በየሠፈራችን እናውቃቸዋለን። እናንተ የቦንጋ ወጣቶች አሁን ያላችሁበት ጊዜ፣ ማንም የማያያችሁ፣ ብትሳሳቱ ማንም የማይጠይቃችሁ ጊዜ፣ እሱ ሰሙ ነው። ሰም ላይ የተሳሳተ አፍንጫ በሞቀ ቢላ በአፍታ ይቃናል። ነሐስ ላይ ያንኑ አፍንጫ ለማቃናት መሮና ሞረድ ይዞ ብዙ ቀን መዋል ነው። ስለዚህ ስሕተታችሁን አሁን ጨርሱት! ደፍራችሁ ሥሩ፣ አፍርሱ፣ እንደገና ሥሩ።

ቦንጋ መኖራችሁም ከሥራ አያግዳችሁም፤ እንዲያውም ዕድል ነው። ከተማችሁ ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ የክልል መቀመጫ ሆናለች፤ ዩኒቨርሲቲ አላት፤ ብሔራዊው የቡና ሙዚየም ያለው እናንተ ዘንድ ነው። አደባባይ እየተሠራ፣ ሕንፃ እየቆመ ያለ ከተማ ሐውልት ይፈልጋል። ቡናን አገኘ የሚባለው እረኛ ካልዲና ፍየሎቹ በየአገሩ የቡና ቤት ግድግዳ ላይ ተስለዋል። የአንዲት የካፋ እናት ቡና የምትለቅም እጅ፣ በማኪራ ደን ከረጅሙ ዛፍ ወገብ ላይ በገመድ የተንጠለጠለ ማር ቆራጭ፣ እነዚህን በነሐስ ማን ይሠራቸዋል? ከሩቅ መጥቶ የሚሠራው ሰው ማር ቆራጩ ጣቶቹን ገመዱ ላይ እንዴት እንደሚያጥፍ አያውቅም። እናንተ ታውቃላችሁ፤ አባቶቻችሁ ናቸው።

በዘመናዊ ታሪካችን ትልልቁ ነሐስ የመጣው ከውጭ ነበር። በ1923 ዓ.ም. ጊዮርጊስ ፊት ለፊት የቆመው የዳግማዊ ምኒልክ ሐውልት የውጭ ሰው ንድፍ ነው። ስድስት ኪሎ ያለው የየካቲት 12 ሰማዕታት መታሰቢያ ላይ የምናያቸውን የነሐስ ምስሎች የሠሩት አውጉስቲንቺችና ክርሺኒች የሚባሉ የዩጎዝላቪያ ቀራፂያን ናቸው፤ ያቺ አገር የቡልጋሪያ ጎረቤት ነበረች። በጎ ሥራ ነው፤ የሰማዕታቱን ሥቃይ እንደራሳቸው አድርገው ነው የቀረጹት። ነገር ግን ሠዓሊው አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱን ሲያቋቁሙ ያሰቡት የራሳችን እጅ እንዲሠራ ነበር፤ እጁም ሠርቷል። በየካቲት 2011 ዓ.ም. በአፍሪካ ኅብረት ቅጥር ግቢ የተመረቀውን የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ሐውልት የሠሩት ከዚያው ትምህርት ቤት የወጡት፣ በኋላም እዚያው ያስተማሩት ቀራፂ በቀለ መኮንን ናቸው። የአህጉሩ መሪዎች በሚያልፉበት በር የኢትዮጵያዊ እጅ ሥራ ቆሟል። ከዚያ እስከ እናንተ ያለው ርቀት ከምታስቡት ያጠረ ነው።

አንድ እንቅፋት አለ፤ አልደብቀውም። ብረት የሚያቀልጠውን፣ ሸክላ የምትሠራውን፣ ቆዳ የሚያለፋውን ሰው መናቅ በአገራችን ቆይቷል፤ በካፋም ቆይቷል። አብሮ መብላት የተከለከሉ፣ ልጃቸውን ለሌላ መዳር የማይችሉ ሰዎች ነበሩ። ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ሥራ ሰዎችን መሳደብን በአዋጅ ከልክለዋል፤ ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል፣ ቅሪቱ ግን ዛሬም በአንዳንድ ቤት አለ። ይህን ንቀት የተሸከመ ሰው የነሐስ ሐውልት አይሠራም። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ዕውቀቱ ያለው እነዚያ የተናቁት ሰዎች ዘንድ ነው። የትኛው ጭቃ እሳት ችሎ እንደማይሰነጠቅ ጀበና የምትሠራው እናት ታውቃለች። የጋለ ብረት ቀለሙ ምን ሲመስል ለሥራ እንደደረሰ በወናፉ አጠገብ ያረጀው አባት ያውቃሉ። ሂዱና በጨዋ ደንብ ሰላም በሏቸው፤ ‘አባባ፣ ያስተምሩኝ’ በሏቸው። ዓለም ላይ ማንም ቀራፂ ትልቅ ነሐስ ብቻውን አላፈሰሰም። ሻጋታ የሚያወጣ አለ፣ እሳት የሚጠብቅ አለ፣ የሚያፈስ አለ፣ የሚሞርድ አለ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው ይባል የለ።

ነሐሱ ከፈሰሰ በኋላ ያለውንም ልንገራችሁ፤ ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚያ ላይ ነውና። ሽፋኑ በመዶሻ ሲፈረካከስ የሚወጣው ነገር አያምርም። ጥቁርና ቡናማ ነው፣ ቦዮቹ እንደ ቀንድ በየቦታው ወጥተዋል፣ እዚህም እዚያም አየር የያዘው ቀዳዳ አለ። የመጀመሪያ ሥራቸውን በዚህ መልክ ያዩ ወጣቶች ‘ተበላሸ’ ብለው ይቀመጣሉ። አልተበላሸም። ቦዩ በመጋዝ ይቆረጣል፣ ቀዳዳው በብየዳ ይሞላል፣ መጋጠሚያው በመሮና በሞረድ ይስተካከላል፣ ከዚያም በእሳትና በኬሚካል ቡናማ ወይም አረንጓዴ ቀለም ይሰጠዋል። በመጨረሻ ነሐሱ ሞቅ እንዳለ ስስ ሰም ይቀባል፤ ዝናብና አየር የሚከላከልለት እሱ ነው። ሰሙ ሥራውን ጀምሮታል፣ ሰሙ ይዘጋዋል። ከአንድ ሐውልት ድካም ቀላል የማይባለው ከማፍሰሱ በኋላ ነው። ንግድ የጀመራችሁ፣ ትምህርት ጨርሳችሁ ሥራ የገባችሁ፣ መጽሐፍ የጻፋችሁ ሁሉ ይህን አስታውሱ፤ የመጀመሪያው መልክ የመጨረሻው መልክ አይደለም።

በሉ እንግዲህ፣ ወደ ሥራ እንግባ። ቀራፂ መሆን ለሚፈልጉትም፣ እጃቸውን ማፍታታት ብቻ ለሚፈልጉትም ይሆናል።

በገበያ ቀን ማር ሻጮቹን ወይም ጠጅ ጣይዋን ሰፈፍ ጠይቁ፤ አንድ ኪሎ ይበቃል። ንጹሕ ጨርቅ ውስጥ ቋጥራችሁ፣ ለዚህ ብቻ በለያችሁት አሮጌ ድስት ውኃ ውስጥ አፍሉት። በእንጨት እየተጫናችሁ ጭመቁት፤ ቆሻሻው ጨርቁ ውስጥ ይቀራል፣ ሰሙ ውኃው ላይ ይንሳፈፋል። ሲቀዘቅዝ እንደ አምባሻ ጠንክሮ ይወጣል። ያለ ውኃ በቀጥታ እሳት ላይ አታስቀምጡት፣ ይያያዛል። ከዚያ ቁራሹን በመዳፋችሁ እያሞቃችሁ አውራ ጣት የምታህል ነገር ሥሩ፤ የቡና ፍሬ ከነቅጠሏ፣ ንብ፣ የአያታችሁን ፊት። ጥርስ መፋቂያና የሞቀ ማንኪያ ከበቂ በላይ መሣሪያ ናቸው። የመጀመሪያው አያምርም፤ አቅልጡትና ያንኑ ሰም እንደገና ሥሩበት። ሰሙ አያልቅም፣ ወጪ የለውም፣ ማንም አይስቅባችሁም። እጃችሁ ሲለምድ አንዷን አስቀሯት።

ያቺን ያስቀራችኋትን ለማፍሰስ ከሸክላ ሠሪዋ ጥሩ ጭቃ ለምኑ። በምዕራብ አፍሪካና በሕንድ ያሉ አቅላጮች ጭቃውን ከፍግ ጋር ያቦኩታል፤ ፍጉ ሲቃጠል ጥቃቅን ክፍተት ስለሚተው ጋዙ መውጫ ያገኛል። ሰሟን መግቢያ ቦዩን ከነአየር መውጫው ለጥፋችሁ በቀጭኑ ጭቃ ቀቧት፣ ይድረቅ፣ እንደገና ቀቧት፣ ይድረቅ፣ ከዚያ በወፍራሙ ሸፍኗት። ለማድረቅ አትቸኩሉ፤ የቦንጋ ዝናብ ደጋግሞ ይመጣልና ምድጃ አጠገብ ሳምንት ብትቆይ ይሻላል። ነሐስ ባይገኝ ከአሮጌ አሉሚኒየም ድስት ጀምሩ፤ 660 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል፣ ድስት ለሚያፈሱ ሰዎች የዕለት ሥራቸው ነው። ማፍሰሱን ግን ለሚያውቁት ተዉት፣ እናንተ ከጎናቸው ቆማችሁ ተማሩ። ሻጋታው እስኪግል ተቃጥሎ ሰሙ ጠርጎ መውጣቱን፣ አንዲት ጠብታ እርጥበት አለመቅረቷን ደጋግማችሁ ጠይቁ፤ እርጥብ ሻጋታ የቀለጠ ብረት ሲነካው ይፈነዳል። ጫማ ልበሱ፣ ዓይናችሁን ሸፍኑ፣ ደጅ ላይ ሥሩ። የፈሰሰው እስኪበርድ ጠብቃችሁ ጭቃውን በመዶሻ ጫፍ ቀስ እያላችሁ ስበሩት።